ለኮምፒዩተር የሚሰጥ የሥራ ሰዓትና የአገሮች የሰዓት ልዩነት

ለምሳሌ ያህል አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ይወሰድ። ይህ ድርጅት የኒው ዮርክ የቡና ገበያ በየቀኑ የሚዘጋበትን ዋጋ ኮምፒዩተሩ ራሱ ተቀብሎ በየገበያው ላሉት ወኪሎቹ በስልክ መልእክት እንዲያስተላልፍ አድርጓል። የኒው ዮርክ ገበያ የሚዘጋው በዚያ አገር ሰዓት ከቀትር በኋላ በ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ትእዛዙ በተሰጠበት በሐምሌ ወር ይህ ሰዓት ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነበር። ስለዚህ ሠራተኛው ሩብ ሰዓት ጨምሮ መልእክቱ በየምሽቱ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እንዲተላለፍ አዘዘ። ሐምሌ፥ ነሐሴና መስከረም ያለ አንዳች እንከን አለፉ።

በጥቅምት ማለቂያ ላይ ግን አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ፤ ገበያውም ለአዲስ አበባ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ የሚዘጋ ሆነ። ኮምፒዩተሩ ይህን አላወቀም። እንደ ታዘዘው በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይነሣል፤ በዚያ ደቂቃ የሚገኘውን ዋጋ «የዛሬ መዝጊያ» ብሎ ያስተላልፋል። ገበያው ለመዝጋት ግን ገና 45 ደቂቃ ይቀረዋል። በኒው ዮርክ አንዱ የቡና ውል 37,500 ፓውንድ ክብደት ስለ ሆነ፥ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋው በፓውንድ 3 ሳንቲም ቢወርድ ልዩነቱ በአንድ ውል 1,125 ዶላር ይሆናል። ከዚህም የሚከፋው ስሕተቱ ስሕተት መስሎ አለመታየቱ ነው። ቍጥሩ ዋጋ ይመስላል፤ መልእክቱም በተለመደው ሰዓት ደርሷል፤ ወኪሉ የሚጠራጠርበት ምክንያት የለውም።

እንዲህ ያለው ጕዳይ ዛሬ የቡና ላኪዎች ብቻ አይደለም። የባንክ ክፍያን በሌሊት የሚያስተላልፍ፥ ለደንበኞች የዕዳ ማስታወሻ የሚልክ፥ የቀኑን ሽያጭ ዘግቶ ለሒሳብ ክፍል የሚያቀርብ፥ የመዝገብ ቅጂ የሚያስቀምጥ፥ ይህ ሁሉ ሥራ ሰው ሳይነካው በተወሰነለት ሰዓት ይጀመራል። ሥራውን የሚያስጀምሩት ፕሮግራሞች አያሌ ናቸው። ከሁሉ የታወቀው በቤል ቤተ ሙከራዎች ለዩኒክስ የተሠራው «ክሮን» የተባለው ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ፖል ቪክሲ ያዘጋጀው ዓይነቱና ከእርሱ የተወለዱት እስከ ዛሬ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። አዛዡ በአንድ መስመር ላይ አምስት ነገሮችን ይጽፋል፤ እነርሱም ደቂቃው፥ ሰዓቱ፥ የወሩ ቀን፥ ወሩና የሳምንቱ ዕለት ናቸው። ክሮን በየደቂቃው እየነቃ መስመሩን ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ጋር ያመሳክራል፤ ሲገጥሙለት ሥራውን ያስጀምራል። በዚህ መስመር ላይ «ይህ ሰዓት የማን አገር ሰዓት ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደማይጻፍ ልብ ይሏል። የጭቅጭቁ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

ቀድሞ የድርጅቱ ኮምፒዩተር በድርጅቱ ቢሮ ውስጥ በነበረ ጊዜ ጥያቄው እምብዛም አያስቸግርም ነበር። አሁን ግን አብዛኛው ድርጅት የሚሠራበት ኮምፒዩተር በኪራይ የሚገኝ ሲሆን፥ የሚቀመጠውም በአየርላንድ፥ በጀርመን ወይም በአሜሪካ ነው። እነዚህ የኪራይ ኮምፒዩተሮች በብዛት የሚመሩት በግሪንዊች ሰዓት ነው (በዘመኑ አጠራር ዩ.ቲ.ሲ. ይባላል)። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ ዓመቱን ሙሉም አይለዋወጥም። ስለዚህ የአዲስ አበባን ሰዓት ወደ ግሪንዊች ለመመለስ 3 መቀነስ ይበቃል ተብሎ ይታሰባል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ነጋዴ ሌላው የማያውቀው ወጥመድ አለበት። በኢትዮጵያ ልማድ ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ አውሮፓውያን 9 ሰዓት የሚሉት በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የቢሮ ኀላፊው «ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ይሠራ» ብሎ ያዝዛል። ሠራተኛውም የሦስት ሰዓትን ልዩነት ስለሚያውቅ ከ3 ላይ 3 ቀንሶ 0 ብሎ ይጽፋል። የግሪንዊች 0 ሰዓት ግን ለአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሥራው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ተሠራ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ 3 መቀነስ ሳይሆን 3 መጨመር ነበር። ምክንያቱም በመጀመሪያ ኢትዮጵያዊውን አቈጣጠር ወደ አውሮፓው ለማምጣት 6 ይጨመራል፤ ቀጥሎ ወደ ግሪንዊች ለመመለስ 3 ይቀነሳል፤ የሚተርፈው 3 መደመር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በግሪንዊች 6 ሰዓት፥ ከቀኑ 8 ሰዓት በግሪንዊች 11 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ግን ሒሳቡን ለማንም ሠራተኛ አለመተው ነው፤ በማዘዣ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን መጻፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ስለ ዕለትም እንዲሁ ነው። «እሑድ ሌሊት በ8 ሰዓት» የተባለ ሥራ መቼ ነው? ለተናጋሪው የእሑድ ምሽት ተከትሎ የሚመጣው ሌሊት ነው። ለኮምፒዩተር ግን ዕለት የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ስለ ሆነ፥ «እሑድ 2 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍለት የሚነሣው ቅዳሜ አልፎ እሑድ ሊነጋ ሲል ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ይቀድማል። የድሮው የአማርኛ አነጋገር «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ» የሚለው በዚህ ረገድ ከብዙ አዲስ የቴክኒክ ቃል ይበልጣል፤ ማሻሚያ የለውምና። ኮምፒዩተሩ በግሪንዊች የሚመራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እንደገና ይገለበጣል። የአዲስ አበባው ሰኞ አጥቢያ 8 ሰዓት በግሪንዊች የእሑድ 23 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የዕለቱም ስም አብሮ መስተካከል አለበት።

ወደ ውጭ አገር ሰዓት ሲመጣ ዋናው ችግር አውሮፓውያንና አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ማዛወራቸው ነው። ይህን አንዳንዶች «የበጋ ሰዓት» ብለው ይተረጕሙታል፤ ነገር ግን እነርሱ ሰዓታቸውን የሚያስቀድሙበት ወራት የኢትዮጵያን ክረምት ስለሚጨምሩ ስያሜው አንባቢን ያሳስታል። «የብርሃን ቁጠባ ሰዓት» ቢባል ይሻላል። በአሜሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2007 ጀምሮ ሰዓቱ የሚቀድመው በማርች ወር በሁለተኛው እሑድ፥ የሚመለሰው በኖቬምበር ወር በመጀመሪያው እሑድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን የሚያስቀድሙት በማርች የመጨረሻ እሑድ፥ የሚመልሱት በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ቀድማ ተነሥታ አውሮፓ ገና ያልተነሣበት፥ ቀጥሎም አውሮፓ ተመልሶ አሜሪካ ያልተመለሰችበት ጊዜ አለ። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካኖች ያስቀደሙት የካቲት 30 ቀን ሲሆን አውሮፓውያን መጋቢት 21 ቀን ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ አውሮፓ ጥቅምት 16፥ አሜሪካ ጥቅምት 23 ቀን መለሱ።

በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ከኒው ዮርክ ጋር ያላት ልዩነት በአንዱ ወቅት 8 ሰዓት በሌላው 7 ሰዓት ነው፤ ከአምስተርዳም ጋር 2 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት፥ ከለንደን ጋር 3 ወይም 2 ነው። ከጂዳ ጋር ልዩነት የለም፤ ከዱባይ ጋር ዘወትር 1፥ ከሻንግሃይ ጋር ዘወትር 5 ሰዓት ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከቻይና ጋር ብቻ የሚነግድ ሰው ስለዚህ ጕዳይ ሳይሰማ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል።

ሰዓቱ በሚዛወርበት ሌሊት የሚደርሰው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። አሜሪካኖች ሲያስቀድሙ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ሲሆን በአንዴ 3 ሰዓት ይባላል፤ በዚያ ሌሊት 2 ሰዓት ተኩል የሚባል ደቂቃ ጨርሶ አልነበረም። ሲመልሱ ደግሞ 2 ሰዓት ሲሆን ወደ 1 ሰዓት ስለሚመለስ፥ 1 ሰዓት ተኩል በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ኮምፒዩተሩ በኒው ዮርክ ሰዓት የሚመራ ሆኖ የደንበኞች ክፍያ በ1 ሰዓት ተኩል እንዲተላለፍ የታዘዘ ቢሆን፥ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት ክሮን ለዚህ ጥንቃቄ አለው፤ ሰዓቱ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ቢዘል የተዘለለውን ሥራ ወዲያው ያስጀምራል፤ ወደ ኋላ ቢመለስም የሠራውን አይደግምም። ይህ ጥንቃቄ ግን የተወሰነ ሰዓት ለተቈረጠላቸው ሥራዎች እንጂ «በየሰዓቱ» ለተባሉት አይደለም፤ ሌሎቹም ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ልማድ አላቸው። በፕሮግራሙ ልማድ ከመተማመን ይልቅ ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን የማዘዣ ቍጥር መስጠትና ተቀባዩ ክፍል ያንኑ ቍጥር ዳግም ሲያይ እንዲመልሰው ማድረግ ይመረጣል። ቼክ ቍጥር የሚታተምበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

መፍትሔው በብዙ መጻሕፍት «ሁሉንም በግሪንዊች ሰዓት አድርግ» በሚል አጭር ቃል ይሰጣል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ያለፈ ነገርን ለመመዝገብ፥ ለምሳሌ ክፍያው በየትኛው ደቂቃ እንደ ወጣ ለማወቅ፥ የግሪንዊች ሰዓት ተወዳዳሪ የለውም፤ አይዘልም፥ አይደገምም። ድርጅቱ ብቻውን የሚሠራው የመዝገብ ቅጂም በግሪንዊች ቢታዘዝ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ከሌላ አገር ገበያ ወይም ቢሮ ጋር የተያያዘ የወደፊት ቀጠሮ በግሪንዊች ሲጻፍ፥ ከላይ የተነገረው የቡና ላኪ ዕጣ ይደርሰዋል። የኒው ዮርክ ገበያ በግሪንዊች ሰዓት አይዘጋም፤ በኒው ዮርክ ሰዓት ነው የሚዘጋው።

ስለዚህ እንዲህ ያለው ቀጠሮ መጻፍ የሚገባው በቦታው ሰዓትና በቦታው ስም ነው፤ «ከግሪንዊች 5 ሰዓት የሚዘገይ» ሳይሆን «የኒው ዮርክ 1 ሰዓት ከ45 ከቀትር በኋላ» ተብሎ። ኮምፒዩተሩ ይህን ስም የሚተረጕምበት አንድ የዓለም መዝገብ አለ። መዝገቡን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ የጀመረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ለብዙ ዘመንም ፖል ኤገርት በአስተባባሪነት ደክሞበታል፤ ከ2011 ወዲህ የኢንተርኔት ቍጥሮችንና ስሞችን የሚመድበው አያና የተባለው ድርጅት ያስተናግደዋል። በመዝገቡ ውስጥ ቦታዎች የሚጠሩት በክፍለ ዓለምና በከተማ ስም ነው፤ «አሜሪካ/ኒው ዮርክ»፥ «አውሮፓ/አምስተርዳም»፥ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» እየተባለ። ከእያንዳንዱ ስም ሥር የአገሩ ሰዓት መቼ መቼ እንደ ተለወጠና ወደፊትም በምን ደንብ እንደሚለወጥ ተጽፏል። የአዲስ አበባ ስም አሁን ወደ ናይሮቢ ደንብ ይመራል፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ስለሚሄዱ የሚያጎድለው ነገር የለም።

የቦታን ስም መቀበል ግን ለሥራ አስጀማሪ ፕሮግራሞች ሁሉ የቆየ ልማድ አይደለም። ኩበርኔቲስ የተባለውና በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ የተስፋፋው ሥርዓት እንኳ ለሰዓት የተቀጠሩ ሥራዎች የቦታ ስም እንዲጻፍላቸው በጸና ሁኔታ የፈቀደው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2023 በወጣው 1.27 በተባለው ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት ሥራዎቹ የሚነሡት በሥርዓቱ ተቈጣጣሪ ኮምፒዩተር ሰዓት ነበር። አዲስ ሶፍትዌር የሚገዛ ነጋዴ «የቦታ ስም ይቀበላልን?» ብሎ ሻጩን ቢጠይቅ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

መዝገቡ ትክክል የሚሆነው ግን የታደሰ እንደ ሆነ ነው። መንግሥታት ሰዓታቸውን በዐዋጅ ይለውጣሉ፤ ጊዜ ሰጥተው የሚያስታውቁትም ሁሉም አይደሉም። ጐረቤት ሱዳን ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድም የነበረውን ሰዓቷን ወደ 2 ሰዓት መለሰች፤ ደቡብ ሱዳንም ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከተለቻት። ከዚያ በፊት ካርቱም፥ ጁባና አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ አሁን በአንድ ሰዓት ይለያያሉ። ሞሮኮ በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሰዓቷን ልትመልስ ሁለት ቀን ሲቀራት እንደማትመልስ ዐወጀች። ግብጽ ለዓመታት ትታው የነበረውን ሰዓት የማስቀደም ልማድ ሚያዝያ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ጀመረች። በዚያው ዓመት በመጋቢት የሊባኖስ መንግሥት የሰዓቱን መቅደም ለረመዳን ሲል ወደ ጾሙ ማብቂያ ለማስተላለፍ ወስኖ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ ድርጅቶች ስላልተቀበሉት አገሩ ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ሲሠራ ከርሞ ውሳኔው ተሻረ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የሳሞዋ ነው፤ ይህች የደሴት አገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ከዓለም የቀን መለያ መስመር ወዲያ ማዶ ስትሻገር ዲሴምበር 30 ቀን ሳይውል ቀረ። በዚያ ቀን እንዲሠራ የተቀጠረ ሥራ ካለ ቀኑን እየጠበቀ ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ ሲመጣ በቦታ ስም የተጻፈ ቀጠሮ መዝገቡ እንደ ታደሰ ራሱን ያስተካክላል። አስቀድሞ ወደ ግሪንዊች ተመንዝሮ የተቀመጠ ቀጠሮ ግን ይሳሳታል፤ በመጀመሪያ የታሰበው የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደ ነበረም ከመዝገቡ ላይ ማወቅ አይቻልም።

ለኢትዮጵያ ድርጅት የቀረው ከባድ ጥያቄ የወር መጨረሻ ነው። ክሮንና መሰሎቹ የሚያውቁት የአውሮፓውን ወር ብቻ ነው። ደመወዝ በየወሩ በ30 ቀን ይከፈል ቢባል፥ የመስከረም 30 ኦክቶበር 10፥ የጥር 30 ፌብሯሪ 7፥ የነሐሴ 30 ሴፕቴምበር 5 ነው፤ ቀኑ በ5 እና በ10 መካከል ይዋልላል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ ማግሥት፥ ማለት በዘመነ ዮሐንስ፥ ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ እያንዳንዱ በአንድ ቀን ይገፋል፤ 2016 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የአውሮፓን ቀኖች ጽፎ ያስቀመጠ ሠራተኛ ሦስት ዓመት ትክክል ሆኖ በአራተኛው ይሳሳታል፤ ያን ጊዜም ሠራተኛው ከድርጅቱ ለቆ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ሥራው በየቀኑ እንዲነሣ አዝዞ፥ በመጀመሪያ የዕለቱን የኢትዮጵያ ቀን አስልቶ 30 ካልሆነ ሳይሠራ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ስለ ጳጉሜን ምን ይደረግ የሚለውን ግን ፕሮግራም ሠሪው ሳይሆን የድርጅቱ ሒሳብ ሹም በጽሑፍ ሊወስነው ይገባል።

የበጀት ዓመት መዝጊያም የራሱ ጣጣ አለው። ሰኔ 30 ዘወትር ጁላይ 7 ላይ ስለሚውል ቀኑ አያሳስትም፤ ሰዓቱ ግን ያሳስታል። በግሪንዊች የሚመራ ኮምፒዩተር ጁላይ 7ን የሚዘጋው ለአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ነው። ሌሊቱን የሚሠራ ሆቴል ለሐምሌ 1 አጥቢያ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሸጠው ሁሉ በአሮጌው ዓመት ሒሳብ ይገባል፤ የዕለቱ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀንና በመዝገቡ ላይ ያለው ቀን አይስማሙም። መርማሪ ሲመጣ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። በየቀኑም ያው ልዩነት አለ፤ ነገር ግን በተራ ቀን የአንዱ ጉድለት በማግሥቱ ስለሚሞላ ማንም አያስተውለውም።

በቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ኮምፒዩተር ደግሞ የመብራት መቋረጥ ይታሰብ። ሰዓቱ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ከነበረ ክሮን ያመለጠውን ሥራ አይክሰውም፤ አናክሮን የተባለው ግን ኮምፒዩተሩ ሲበራ የቀረውን የዕለት ሥራ ያስጀምራል። የውስጥ ባትሪው ያረጀ ኮምፒዩተር መብራት በተመለሰ ጊዜ የብዙ ዓመት የቆየ ቀን ይዞ ሊነሣ ስለሚችል፥ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል ማድረግና ትክክለኛው ሰዓት እስኪገኝ ድረስ ምንም ክፍያ እንዳያስተላልፍ ማገድ ይገባል።

አሁን የሚሠራበትን ሥርዓት ለመመርመር የሚፈልግ ድርጅት ብዙ ወጪ የለበትም። ለእያንዳንዱ የተቀጠረ ሥራ የሚቀጥሉት መነሻዎች በግሪንዊች፥ በአዲስ አበባና ደንበኛው ባለበት ከተማ ሰዓት ተጽፈው እንዲወጡ ቴክኒሺያኑን መጠየቅ ነው። ይህ ዝርዝር በየካቲት አጋማሽና በጥቅምት መጀመሪያ ቢወጣ የአሜሪካና የአውሮፓ ሰዓት የሚዛወሩባቸውን እሑዶች አስቀድሞ ያሳያል። የቡና ላኪው ሠራተኛ በጥቅምት መጀመሪያ ዝርዝሩን ቢያወጣ ኖሮ፥ በኒው ዮርክ ዐምድ ከጥቅምት 23 በኋላ 12 ሰዓት ከ45 የሚል ቍጥር ያገኝ ነበር፤ ገበያው በ1 ሰዓት ከ30 እንደሚዘጋ ስለሚያውቅም ትእዛዙን ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ያህል ይተርፈው ነበር።